የጎረቤት ቲቪ፣ የጠፉ ካሴቶች እና ካፒቴን ማጂድ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ

ባለፈው እትም ስለ ልጅነታችሁ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች የምትጠይቁት ካለ ላኩ ብዬ ነበር። የመጣው ግን ጥያቄ ብቻ አይደለም። ክርክር አለው፣ ውርርድ አለው፣ አንዳንዱ እንደውም ክስ ነው። ከቆጪ፣ ከመንደራ፣ ከሂርማታ፣ ከፈረንጅ አራዳ ጽፋችኋል፤ ከጅማ ወጥታችሁ ሌላ ከተማ የኖራችሁም አልቀራችሁም። ሁሉን ማተም ስለማይቻል የተወሰኑትን መረጥኩ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፣ ስም አላወጣሁም፣ አንድ ሁለት ስድብም ቆርጫለሁ።

‹‹ይሄ ነው እንዲህ የሚወራለት?››

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ልጅ ሆኜ እሞትለት የነበረ የልጆች ፕሮግራም ቁራጭ ስልክ ላይ አገኘሁና ጠርቼ አሳየኋት። ደቂቃ እንኳ አልታገሰችም። ‹‹አባ፣ ሰውዬው እኮ ቁጭ ብለው ነው የሚያወሩት፤ ይሄ ነው እንዲህ የሚወራለት?›› ብላ ስልኬን መለሰችልኝ። የባሰው ደግሞ እሷ ከሄደች በኋላ ብቻዬን ሳየው እኔንም ሰለቸኝ። ድሮም እንዲህ ነበር? ወይስ የተበላሸሁት እኔ ነኝ? ቪዲዮውን ልኬልሃለሁ። (ከአጂፕ ሰፈር)

መልስ፦ መጀመሪያ ልጅህን አትቆጣት። እውነቷን ነው። የላክኸውን አየሁት፤ አባባ ተስፋዬ ናቸው፣ ቁጭ ብለውም ነው የሚያወሩት። ካሜራው አይንቀሳቀስም፣ ከጀርባ ሙዚቃ የለም። እሷ የለመደችው ደግሞ በየሁለትና ሦስት ሰከንዱ ምስል የሚቀያየርበትን ነው። ከዚያ ጠርተህ አንድ አዛውንት ተረት ሲያወሩ ዝም ብላ እንድታይ መጠበቅ ትንሽ ግፍ አለው።

አንተን ለምን ሰለቸህ የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ልቆይ።

አባባ ተስፋዬ፣ ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሳህሉ፣ የመድረክ ሰው ነበሩ። ቴሌቪዥን አገራችን ከመግባቱ በፊት በቴአትር ቤት የታወቁ ተዋናይ ናቸው። ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር፤ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ድረስ ሄደውም ወታደሩን አጫውተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ሕዝብ ፊቱ እንዳለ አድርጎ ነው የሚሠራው። ልጆችን ሰላም ይላሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ለኛ የተተወ ነበር። መሬት ላይ የተኮለኮልነው ሁሉ ‹‹ጤና ይስጥልኝ አባባ ተስፋዬ!›› ብለን የምንጮኸው እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። የሚጮኸው ደግሞ አንድ ልጅ አይደለም፤ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ነው፣ ያውም ማን የበለጠ ይጮኻል እየተባባለ። ተረቱ ላይም እንደዚሁ ነው። ቆም ይላሉ፣ እኛ ደግሞ ‹‹አሁን ጅቡ ይበላዋል!›› ‹‹አይበላውም!›› እንባባላለን፣ አንዱ ተነስቶ አንዱን ይመታል፣ የቤቱ እናት ትቆጣለች፣ ከዚያ ተረቱ ይቀጥላል።

አሁን ብቻህን ሶፋ ላይ ተጋድመህ በስልክ ስታየው ያ ሁሉ ክፍተት ባዶውን ይቀራል። መልስ የሚሰጥ የለም። አንተም አትጮህም፣ ታፍራለህ። ስለዚህ ፕሮግራሙ የተንቀራፈፈ ይመስልሃል። ግማሹ ሥራ እዚያ ክፍል ውስጥ ለተቀመጡት ልጆች የተተወ ነበር፤ ስልክህ ላይ ያለው የቀረው ግማሽ ነው።

ሌላም አለ። ያኔ ጣቢያው አንድ ነው። ስርጭቱ ማታ ማታ ነው። የልጆች ሰዓት እስኪደርስ ሳምንቱን ሙሉ እንጠብቃለን፣ ያቺ ሰዓት ደርሳ መብራት ከሄደ ደግሞ ሄደ፣ ድጋሚ ማየት የሚባል ነገር የለም፣ ያለን አማራጭ ሌላ ሰፈር መብራት ያልጠፋበት ቤት ሮጦ መፈለግ ብቻ ነው። እንዲህ የተጠበቀ ነገር መቼም አይሰለችም። ያየነው ሁሉ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም። ኧረ በጭራሽ! ብዙው ቀሽም ነበር። የመኸር አዝመራ ዜና ሳይቀር አፋችንን ከፍተን ነው ያየነው፤ ትራክተር ሲያልፍ እንደ ፊልም ነበር የምናፈጠው። ዛሬ ‹‹የድሮ ፕሮግራም ሁሉ ወርቅ ነበር›› የሚለኝ ሰው ሳገኝ የትራክተሩን ዜና አስታውሰዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ትውስታን የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያገኙት ውጤት አለ፤ ሰው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ጎልቶ የሚታወሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ባለው ጊዜ ያሳለፈው ነው። ልጅህ 12 ዓመቷ ነው፣ ገብታበታለች ማለት ነው። የዛሬ 30 ዓመት ለልጇ ‹‹ነይ እዪ›› ብላ የምታሳየው ዛሬ አንተ ‹‹ዝጊው!›› የምትላትን ነገር ነው። ያኔ ደግሞ የሷ ልጅ ታሾፍባታለች።

ለማንኛውም ቪዲዮውን ተወውና ተረቱን ራስህ ንገራት። መብራት የጠፋ ማታ ቢሆን ይመረጣል፣ እሱ ደግሞ ችግር የለውም፣ ብዙ አትጠብቅም።

ማን ደበቀው?

ጥያቄ፦ የአባባ ተስፋዬን ፕሮግራም ሙሉውን ማግኘት እፈልጋለሁ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ቁርጥራጭ ነው። 42 ዓመት የተላለፈ ፕሮግራም እንዴት እንደዚህ ይጠፋል? ማን ነው የደበቀው? (የጅማ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደባቂ ከመፈለግህ በፊት ሥራው ያኔ እንዴት ይሠራ እንደነበር አስብ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ነው። አባባ ተስፋዬም ከዚያ ጊዜ አንስተው እስከ 1998 ልጆችን አጫውተዋል። በዚያ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ እዚህ ብቻ ሳይሆን በየትም አገር፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ ብዙውን ነገር በቀጥታ ነበር የሚያስተላልፈው። ተነገረ፣ አየር ላይ ዋለ፣ አለቀ። የምስል ቴፕ ሲመጣም ዋጋው አይቀመስም ነበር። አንዱን ቴፕ አጥፍቶ በላዩ ሌላ መቅዳት እንደ ነውር አይታይም፤ እንደውም ቁጠባ ነው። አንድ ቀን ሰው ተመልሶ የልጆች ተረት ይፈልጋል ብሎ ማን ያስባል?

ሀብታሞቹም አላሰቡም። ቢቢሲን ውሰድ። ‹‹ዶክተር ሁ›› የሚባል በዓለም የታወቀ ተከታታይ ድራማ አለው፤ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከተላለፉት ክፍሎች ብዙዎቹን ራሱ ጣቢያው አጥፍቷቸዋል። ፍለጋው ለአሥርት ዓመታት ተካሂዶ ከ90 በላይ ክፍሎች የደረሱበት ጠፍቶ ቆይቷል። የሚገርመው ግን የጠፉት ክፍሎች ድምፃቸው አለ። ለምን መሰለህ? ተመልካቾች ቤታቸው ሆነው የቴፕ ማይክሮፎን ቲቪው ፊት ደቅነው ቀድተውት ስለነበር ነው። በ2013 እንደ ፈረንጆቹ ደግሞ ጠፍተው የነበሩ 9 ክፍሎች ተገኙ። የት ተገኙ? ናይጄሪያ፣ ጆስ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጋ ተቀምጠው።

እኔን ያጓጓኝ ይሄ ነው። ለንደን የጠፋ ነገር ከለንደን አልተገኘም፤ ማንም ከማያስበው የክፍለ አገር ከተማ ነው የተገኘው። ስለዚህ ‹‹ጣቢያው የት አደረሰው›› ብለን ብቻ አንቅር። ጅማ ውስጥ የቪዲዮ ዴክ የነበራቸው ቤቶች ነበሩ፤ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ የነበራቸው ደግሞ ከዚያም ይበዛሉ። ‹‹ዝም በሉ፣ እየቀዳሁ ነው!›› እያለ ከቲቪው ድምፅ የሚቀዳ ታላቅ ወንድም በየሰፈሩ ነበር። ያ ካሴት የሆነ ቤት፣ የሆነ ካርቶን ውስጥ አለ። ከላዩ ላይ ሌላ ነገር ተቀድቶበት ካልሆነ።

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 በ94 ዓመታቸው አርፈዋል። ከሳቸው አፍ ደግሞ መቅዳት አይቻልም። ወላጆችህ ጋ ስትመጣ መጀመሪያ ካርቶኑን ፈትሽ፣ ከዚያ ክሱን እንቀጥላለን።

የቲቪዋ ባለቤት ይናገራሉ

ጥያቄ፦ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ስለ ጎረቤት ቲቪ ሲወራ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ያ የጎረቤት ቲቪ የኔ ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቡና ነጋዴ ነበር፤ አንድ ዓመት ቡና ጥሩ ዋጋ አወጣና ገዛው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቴ የኔ መሆኑ ቀረ። የጅማን ክረምት ታውቀዋለህ። ወለሉን ሰም ቀብቼ ሳልጨርስ ያ ሁሉ እግር በቀይ ጭቃው ይገባል። ‹‹እግር ታጠቡ›› እላለሁ፣ የሚታጠቡትም ከኔው በርሜል ነው። እራት ማቅረብ አልችልም። ለልጆቼ ብቻ አቅርቤ የሰው ልጅ እያየ እንዴት ይበላል? ስለዚህ ወይ ሁሉም እስኪሄድ በረሃብ እንጠብቃለን፣ ወይ ቆሎ ቆልቼ ለሁሉ አድላለሁ። አንቴና ለማዞር ጣሪያ የሚወጣው ልጅ ቆርቆሮዬን ረግጦ ቀዶታል፤ ሲዘንብ ባልዲ የምደቅነው እኔ ነኝ። አንዳንድ ቀን ደክሞኝ ‹‹ተበላሽቷል›› ብዬ ዋሽቻለሁ። አሁን ሁሉም ትልልቅ ሰው ሆነዋል። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ‹‹እማማ፣ የእርስዎ ቤት ትዝታ!›› ይሉኛል፣ ይስሙኛል። አንዳቸው ግን ቤቴ መጥተው ቡና አልጠጡም። ይሄ ምን ዓይነት ትዝታ ነው? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ እማማ፣ እጅ ነስቻለሁ። የመጣው ደብዳቤ ሁሉ ከልጆቹ ወገን ነበር፤ ከቤቱ ባለቤት የመጣ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ልጆቹ ያላዩት ለምን እንደሆነ ልንገርዎት። ፊታቸው ወደ ቲቪው ነበር። እርስዎ ደግሞ ከኋላቸው ነበሩ፣ ከምድጃው ጋ። ልጅ ዞር ብሎ አያይም። እኔም ያደግሁት በሰው ቤት ቲቪ ነው፤ የመጋረጃውን ቀለም፣ ከቲቪው በላይ የተዘረጋውን ዳንቴል፣ ቁልፍ ያለውን ባለ በር ሳጥን አስታውሳለሁ። እናትየው እራታቸውን ስንት ሰዓት ይበሉ እንደነበር ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። እርስዎ ሲጽፉ ነው የገባኝ። ለካ እኛ ቤት ገብተን እራት ሲጠብቀን እነሱ እኛ እስክንወጣ ይጠብቁ ነበር።

‹‹ተበላሽቷል›› ያሉትን በተመለከተ አይሳቀቁ፤ ልጆቹ ያውቁ ነበር። በመስኮቱ ስንጥቅ ሰማያዊው ብርሃን ይታያል እኮ። ከመስኮት ውጪ ቆመው ድምፁን ብቻ ሰምተው የሄዱም አሉ። ከመንደራ አንድ ሰው እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ ‹‹እኔን አያስገቡኝም ነበር፣ ልብሴ ቆሻሻ ነው ተብሎ። የሰፈር ቲቪ ትዝታ ሲወራ እኔ ያለኝ የመስኮት ትዝታ ነው።›› የእርስዎ ቤት እንዳልሆነ ከደብዳቤዎ ያስታውቃል። ግን ይሄም መጻፍ አለበት፤ የጋራ ቲቪ ሲባል ሁሉም ልጅ የገባበት ይመስላል፣ ሁሉም ግን አልገባም።

አሁን ለእናንተ፣ ለነዚያ ልጆች። ፈረንጅ አራዳ ሩቅ አይደለም። ጥያቄያቸውን አንብባችኋል። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ቡናና ስኳር ያዙ፣ የቀደዳችሁት ደግሞ የቆርቆሮውንም ዋጋ አስቡበት። ስትገቡ ጫማ አውልቁ።

ውርርድ በማር

ጥያቄ፦ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ኪሎ ማር ተወራርደናል። እኔ ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን፣ ቲቪ ላይ ያየሁትን ቀይ ኮት እስከዛሬ አስታውሳለሁ። እሱ ‹‹ቀለም አልነበረም›› ይላል። (ከቆጪ)

መልስ፦ ማሩን ግዛ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቀለም ማሰራጨት የጀመረው በ1977 ነው፣ ከአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ጋር ተያይዞ። ከዚያ በፊት ቲቪህ ባለ ቀለም ቢሆን እንኳ የሚመጣው ምስል ጥቁርና ነጭ ነው። ከዚያ በኋላም በብዙ ቤት ያለው ቲቪ ጥቁርና ነጩ ስለነበር ለብዙ ልጅ ቀለም የመጣው ከ1977ም ዘግይቶ ነው።

ቀዩ ኮት ውሸት ነው ማለት ግን አይደለም። ሰው ያየውን ሲያስታውስ የጎደለውን ራሱ ይሞላል፤ በኋላ በፎቶ ወይም በባለ ቀለም ቲቪ ያየኸው ኮት ወደ ኋላ ተመልሶ ገብቶ ይሆናል። በነገራችን ላይ በብዙ አገር ጥቁርና ነጭ ቲቪ ላይ የሚለጠፍ ባለ ቀለም ፕላስቲክ ይሸጥ ነበር፤ ላዩ ሰማያዊ ለሰማይ፣ ታቹ አረንጓዴ ለሣር። ዜና አንባቢው ፀጉሩ ሰማያዊ ይሆናል። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከነበረ ለወንድምህ ጥቀስለትና ግማሽ ኪሎ ለምነህ አስቀንስ።

የኛስ አይቆጠርም?

ጥያቄ፦ የተወለድኩት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። የኛ ልጅነት ዲሽ ነው፤ የአረቦቹ የልጆች ጣቢያዎች ስፔስ ቱንና ኤምቢሲ 3፣ የኳስ ካርቱኑ ካፒቴን ማጂድ። አረብኛ አንችልም፣ ግን ዘፈኑን በቃላችን እንዘፍን ነበር። አክስቴ ‹‹እናንተን ያሳደጋችሁ የሰው አገር ካርቱን ነው፣ ምን ትዝታ አላችሁ›› ትለኛለች። እውነት የኛ አይቆጠርም? (ከቦሳ)

መልስ፦ ይቆጠራል እንጂ! ለምን አይቆጠርም? አክስትሽን በአክብሮት እንዲህ በያት።

ካፒቴን ማጂድ ጃፓናዊ ነው። እዚያ ስሙ ጹባሳ ነው፤ መጀመሪያ በሥዕል መጽሔት፣ ከዚያ በፈረንጆቹ 1983 በካርቱን ወጣ። አረቦቹ ስሙን ማጂድ አሉትና በፉስሓ፣ ማለትም በመጽሐፉ አረብኛ፣ አናገሩት። ከዚያ በሳተላይት ጅማ ገባ። ቦሳ ላይ ደግሞ ኳስ ሜዳው እስከ አድማስ የሚደርሰው፣ አንዱ ተጫዋች ኳስ ይዞ ሮጦ ሮጦ ግብ ጋ ሳይደርስ ፕሮግራሙ የሚያልቀው ያ ልጅ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ተተረከ። ይሄ ሁሉ አገር አቆራርጦ የመጣ ነገር እንዴት የናንተ አይሆንም?

ስፔስ ቱን በ2000፣ ኤምቢሲ 3 ደግሞ በ2004 እንደ ፈረንጆቹ የተጀመሩ ናቸው። የስፔስ ቱን ካርቱኖች ብዙዎቹ ወደ አረብኛ የተመለሱት ደማስቆ ባለ አንድ የድምፅ ስቱዲዮ ነው። አንቺ በቃልሽ የያዝሻቸውን ዘፈኖች ራሻ ሪዝቅ እና ታሪቅ አልዓረቢ ቱርጋን የሚባሉ ዘፋኞች ናቸው ያወጧቸው፤ ዛሬም አረብ አገር መድረክ ላይ ሲዘፍኑ አዋቂ ሰው ተነስቶ አብሮ ይዘፍናል፣ አንዳንዱም ያለቅሳል። አክስትሽ ይሄን ብታይ ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል። ወደ አረብኛ የሚመልሱት ሰዎች ደግሞ ፍቅር ነክ ነገር ሲመጣ ይቆርጡታል። ታሪኩ ድንገት የሚዘልባችሁ ለዚህ ነው፤ እናንተ የመሰላችሁ አረብኛ ስላልቻላችሁ ነበር።

ጅማ ላይ ደግሞ የራሱ ጣዕም ነበረው። ቁርአን ቤት የሚሄዱት ልጆች ከሌላው የተሻለ ይገባቸዋል፣ ቢያንስ ይገባናል ይላሉ። ስለዚህ በየቤቱ አንድ አስተርጓሚ ልጅ ይኖራል። ‹‹አሁን ምን አለው?›› ሲባል ይመልሳል፤ ሲገባው የገባውን፣ ሳይገባው የፈጠረውን። ያ ልጅ የነገራችሁ ታሪክ ካርቱኑ ውስጥ ከነበረው ሳይሻል አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። የት እንዳለ ብታውቂ ጻፊልኝ፤ ደራሲ ካልሆነ ደላላ ሆኗል።

እንዴት እንደጠፋም ታስታውሺያለሽ። በ2012 አካባቢ በኛ አቆጣጠር ኢትዮ ሳት የሚባለው የሳተላይት ስርጭት መጣና የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ወደዚያ ሲዞሩ በየጣሪያው ዲሹ ሁሉ ፊቱን አዞረ። ዲሽ ሠሪው ወጥቶ ሲወርድ የአማርኛና የኦሮምኛው ጣቢያ በጥራት ገባ፣ በብዙ ቤት የአረቦቹ ጣቢያ ግን አብሮ ወጣ። ያኔ ግን እናንተም አድጋችሁ ነበር።

አክስትሽ ‹‹የራሳችን ነገር አልነበራችሁም›› ማለቷም ልክ አይደለም። ‹‹ፀሐይ መማር ትወዳለች›› የተጀመረው በ1998 ነው። ቀጭኔዋን ፀሐይን ታስታውሺያታለሽ? አሻንጉሊቶቹን በእጃቸው ሠርተው፣ ሥራውን ከመኖሪያ ቤታቸው የጀመሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ እና ባለቤቷ ናቸው። በ2008 እንደ ፈረንጆቹ የጃፓን ሽልማት የሚባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ሽልማት አሸንፏል። ያው ጃፓን፣ የማጂድ አገር! ልብ በይ፣ አባባ ተስፋዬ ያቆሙት በዚያው በ1998 ነው። አንቺ ሁለቱንም የማየት ዕድል ነበረሽ፤ ያየሽው ካፒቴን ማጂድን ሆኖ ነው እንጂ።

ከአንቺም ያነሱ አሉ። ሰሞኑን አንድ ወጣት ‹‹ሰው ለሰው››ን እያነሳ፣ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ሲጫወት እንዴት እንፈራው እንደነበር እያወራ ‹‹ያ ዘመን!›› ሲል ሰማሁት። የቃና ቲቪውን ‹‹ጥቁር ፍቅር›› እያሉ የሚያዝኑም መጥተዋል፤ ጣቢያው የተከፈተው እኮ በ2008 በኛ አቆጣጠር ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ አክስትሽ ትለመደው።

የሻጋታ ካሴት

ጥያቄ፦ አያታችን ካረፉ በኋላ ጅሬን ካለው ቤታቸው ሳጥን ውስጥ የቪዲዮ ካሴቶች አገኘን። አንዱ ላይ ‹‹ሠርግ›› ይላል፤ የእናቴና የአባቴ ነው። ሌሎቹ ከቲቪ የተቀዱ ይመስላሉ፤ አንዱ ላይ ‹‹ልጆች፣ በዓል›› ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ነጭ ነጭ ነገር አውጥተዋል፣ ይሸታሉ። ጎረቤታችን ዴክ አለው፣ ዛሬውኑ ከተን እንያቸው ይላል። እናድርገው? (ከሂርማታ)

መልስ፦ አታድርጉት! ቢያንስ ዛሬ አታድርጉት።

ነጩ ነገር ሻጋታ ነው። ጅማ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው፤ በሳጥን ተዘግቶ የከረመ ቴፕ እርጥበት ይይዛል፣ ይሻግታል። የሻገተ ካሴት ዴክ ውስጥ ከገባ ሻጋታው ቴፑን በሚያነበው ክፍል (‹‹ሄድ›› በሚባለው) ላይ ይለጠፋል፣ ምስሉ ይጠፋል፣ ቴፑ ተጠምጥሞ ሊበጠስም ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ የሚገባው ደህና ካሴት ደግሞ ከዚያው ዴክ ሻጋታ ይይዛል። ጎረቤትሽንም ታጣያለሽ፤ ዴክ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። የመጨረሻው የጃፓን ኩባንያ ማምረት ያቆመው በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ለዩዋቸው። በካሴቱ መስኮት በኩል በብርሃን እዩ። ነጭ ያለባቸውን ለብቻ፣ ንጹሕ የሆኑትን ለብቻ። ደረቅና ነፋሻ ቦታ ላይ አቁማችሁ አስቀምጧቸው፣ አትደርድሯቸው፤ ፀሐይ ላይ አታስጧቸው፣ ከድምፅ ማጉያም አርቋቸው፣ ማግኔት አለው። የሻገቱትን ቤት ውስጥ ለመጥረግ አትሞክሩ። ብናኙም ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ሠርግ የሚቀርጹ የድሮ ስቱዲዮዎችን ጠይቁ፤ ካሴት ከፍቶ ማጽዳት የሚችል ባለሙያ ካለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ንጹሖቹ ላይ ከኋላ ጠርዙ በኩል ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ስበሯት። እሷ ከሌለች በስህተት ላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም። ብዙ ትዝታ የጠፋው በሻጋታ ሳይሆን በዚች ጥርስ ምክንያት ነው፤ አጎት መጥቶ ኳስ ይቀዳበታል።

ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት የሚሠራ ዴክ፣ ባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ እና ምስሉን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ትንሽ ዕቃ ይበቃል። ካሴቱ የ180 ደቂቃ ከሆነ ሦስት ሰዓት ሙሉ ይፈጃል፤ ማፍጠን የለም። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቢንከባለል አትደንግጡ። ካሴቱ ከአሜሪካ የተላከ ይሆናል፤ የነሱ የምስል አሠራር ፓል ከሚባለው ከኛው ይለያል፣ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ያስፈልገዋል። ሲያልቅ ፋይሉን ከአንድ ቦታ በላይ አስቀምጡ።

‹‹ልጆች፣ በዓል›› የሚለው ላይ ያለው ምን እንደሆነ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። ከዚህ በፊት የመለስኩለትን የአዲስ አበባውን ሰው አስቢው። ለራስሽ ማየትና ለቤተሰብ መያዝ ችግር የለውም፤ ሙሉውን ኢንተርኔት ላይ ከመልቀቅ በፊት ግን ጣቢያውን መጠየቅ ይሻላል፣ የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ለአሰራጮችም መብት ሰጥቷል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ዴኩ ይሠራ አይሠራ የሚታወቀው ካሴት ሲገባበት ነው። የመጀመሪያውን ሙከራ በሠርጉ ካሴት እንዳታደርጊው።